ሄሊኮፕተሯ ያለ ቴርዮ ስትነሳ

ሃምሳ አለቃ ኤሌውቴርዮ ባናአግ፣ በአጭሩ ቴርዮ፣ ድሮም ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ሚስቱ ሬሜድዮስ «ምሳውን እንኳ ቆሞ ካልበላ አይጠግብም» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። የዚያን ሳምንት ግን ባሰበት። ዛምቦአንጋ ከተማ በሚገኘው የአየር ኃይል ምድብ ውስጥ ከሃንጋር ወደ ክበብ፣ ከክበብ ወደ ሃንጋር ይመላለሳል፤ አንዱን መፍቻ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠውን ደግሞ መልሶ ያነሳል። የሚያዩት ሰዎች በእሱ ፋንታ ደከሙ።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። «ማናንግ» ጡረታ ልትወጣ ነው። ማናንግ፣ እትዬ እንደማለት ነው፤ ስሙን ለአሮጌዋ ሄሊኮፕተር ያወጡላት ቴርዮና ጓደኞቹ ናቸው። ከእሷ ጋር የተገዙት ሄሊኮፕተሮች አንድ በአንድ ተፈትተው ለመለዋወጫ ሲውሉ እሷ ብቻ እየተጠገነች፣ እየተለጠፈች፣ እያጉረመረመች እስከዚህ ደርሳለች። መካኒኳ ቴርዮ ከጎኗ በር ላይ ተቀምጦ ስንት ጎርፍ፣ ስንት የመሬት መንሸራተት፣ ስንት የጫካ ውጊያ እንዳየ ቢጠየቅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሽኝት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በወጣትነቱ አየር ኃይል ሲገባ ቶራ-ቶራ የሚሏቸው ባለ ፕሮፔለር ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ዘይት እየተፉ ይነሳሉ፣ ዘይት እየተፉ ያርፋሉ። እነሱ ተሸኙ። ከዚያ የኤፍ-ፋይቭ ተዋጊ ጄቶቹ ተራ ደረሰ፤ አንዱ ዛሬ በአንድ ምድብ በር ላይ ሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ተሰክቶ አፍንጫው ውስጥ ወፍ ይፈለፈልበታል። ቀጥሎ መንታ ጭራ ያላቸው ብሮንኮ አውሮፕላኖች ሄዱ። ቴርዮ በሁሉም ሽኝት ላይ ነበረ። ንግግሩን ሰምቷል፣ አጨብጭቧል፣ ፓንሲት የሚሉትን የድግስ ፓስታ በልቶ ወደ ሥራው ተመልሷል። በማናንግ ሽኝት ላይ ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የእሱም ጡረታ በዚያው ወር ነው።

በሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሴቡ ከተማ ይዘዋት ተነሱ። አርብ እዚያ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ከዚያ በኋላ ሙዚየም ትገባለች። አብራሪዋ ሻምበል አሚሃን ቬርዞሳ ናት፤ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ፣ ስትጨነቅ የምታፏጭ ሴት። ረዳቷ መቶ አለቃ ጁንሬይ ደግሞ አፉ የማይዘጋ ወጣት ነው። ማናንግ አዲስ ቀለም ተቀብታለች፣ ወለሏ ተወልውሏል። ወለሏ ላይ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ተጋድሟል፤ የዛምቦአንጋ ልጆች ለሽኝቱ የላኩት ሌቾን ነው።

«ኩያ ቴርዮ፣» አለች ሻምበሏ በማዳመጫው። ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ በማዕረግ ብትበልጠውም ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትጠራው። «ዛሬ እንኳ ትንሽ ቁጭ ይበሉ። ወዲያ ወዲህ ሲሉ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

«ተቀምጫለሁ፣ ሻምበል።»

«አልተቀመጡም።»

«አሳማው ቦታዬን ይዞብኝ ነው።»

ጁንሬይ ሳቀ። «አሳማው ከእርስዎ ይሻላል። ቀበቶውን አስሮ ዝም ብሏል።»

ሀባጋት የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ከተነሳ ቀናት አልፈዋል። ባሕሩ ከላይ ሲታይ ነጭ አረፋ ይዟል። ከግማሽ መንገድ በላይ ሄደው ነበር ሬዲዮው የጠራቸው። ማሊግዳ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሰዎች ተጎድተዋል፤ ማዕበሉ ትልቁን የዓሣ ጀልባ ከገመዱ ነቅሎ፣ ጀልባዎቻቸውን ወደ የብስ ሊጎትቱ ባሕሩ ዳር በቆሙት ላይ ጣለው። ከደሴቷ ጀልባ መውጣት አይችልም። ከሴቡ ሌላ ሄሊኮፕተር እንዳይልኩ በዚያ በኩል ዝናቡ ግድግዳ ሠርቷል። በቅርብ ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው።

«ቦታውን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ውሳኔውም የእናንተ ነው» አለ አዛዣቸው ኮሎኔል በሬዲዮ።

ሻምበሏ ማፏጨት ጀመረች። ከዚያ ማናንግን ጎኗን አዘንብላ አዞረቻት።

ማሊግዳ ላይ ለማረፊያ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ነበር፤ ዙሪያውን ረጃጅም የኮኮናት ዛፎች ከበውታል፤ የባሕሩን ዳር ደግሞ ማዕበሉ በልቶታል። ቴርዮ በሆዱ በሩ ላይ ተኝቶ፣ ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ «ትንሽ ወደ ግራ… ጭራዋን ጠብቁ… ውረዱ፣ ውረዱ…» እያለ አወረዳቸው። አቧራና ቅጠል ግቢውን ሞላው።

ቁስለኞቹ አራት ናቸው። ፍሎርዴሊዛ የምትባል አስተማሪ እግሯ ተጨፍልቋል። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ክንዱ፣ ሌላው ጭንቅላቱ ተመቷል። አናክሌቶ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ላይ ግን ደም አይታይም፤ ጀልባው ያረፈው ደረቱ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሮ አጭር አጭር ይተነፍሳል። ሳሉድ የተባለችው የደሴቷ አዋላጅ ነርስ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

«ይሄንን ሰው ብቻውን አልሰድም፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች።

የአናክሌቶ ሚስት ክሪሳንታ ደግሞ እግሯን ሄሊኮፕተሯ ላይ አድርጋ ነበር። ቴርዮ ቀስ ብሎ ክንዷን ያዘ። «እህቴ፣ ቦታ የለም።»

«እኔ ቀጭን ነኝ» አለችው። እውነት ነው፣ ቀጭን ነበረች።

ቃሬዛዎቹ ገቡ። አሳማው ወረደ። የመፍቻው ሳጥን ወረደ፣ ወንበሮቹ ወረዱ፣ ለሥነ ሥርዓቱ የተዘጋጀው ሰንደቅ ከነምሰሶው ወረደ። ሻምበሏ ሞተሩን አስጓርታ ማናንግን ልታነሳት ሞከረች። ሄሊኮፕተሯ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ከዛፎቹ መሃል ቀጥ ብላ ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ ተንደርድራ የምትነሳበት ሜዳ የለም። ነዳጅ እንዳይቀንሱ፣ ዝናቡን ዞረው ለመሄድ ያስፈልጋቸዋል።

«ከብዶናል» አለ ጁንሬይ። የቀልድ ድምፁ ጠፍቷል።

«አሳማው ይውረድ» አለች ሻምበሏ ሳታስበው።

«እሱማ ወርዷል።»

«እንግዲያው ሌላኛው አሳማ ይውረድ» አለ ቴርዮ፤ ሆዱን መታ መታ አደረገና ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አወለቀ።

ሻምበሏ ዞር ብላ አየችው። አሁን ስለማይሰማት በእጇ አይሆንም አለችው። ቴርዮ ወርዶ በእሷ መስኮት በኩል መጣ። መስኮቷን ከፈተች።

«ኩያ፣ አይሆንም! ያለ እርስዎ አብርሬያት አላውቅም። ደግሞ ነገ እኮ…»

«ነገን ተዪው።»

አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን «አንቺ» ብሏት አያውቅም። ሁለቱም ደነገጡ፤ ግን መልሶ አላስተካከለውም።

«ስሚኝ ልጄ። ያ ሰውዬ ጊዜ የለውም። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን መንገዷን ታውቂያለሽ፤ የቀረውን እሷ ራሷ ትነግርሻለች። ስታጉረመርም አትፍሪ፣ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። ጁንሬይ! የቀኙ በር እጀታ ወደ ላይ ካልተገፋ አይዘጋም። ሰምተሃል? ወደ ላይ!»

«ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ ጁንሬይ።

ቴርዮ ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ማናንግ አጓራች፤ መሬት ለቀቀች፤ በዛፎቹ መሃል እየተንገዳገደች ወጣች፤ የአንዱን ኮኮናት ቅጠል በሚሽከረከረው ክንፏ መታችውና ብጥስጣሹ በቴርዮ ራስ ላይ ዘነበ። ከዚያ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ወደ ባሕሩ ሄደች።

ቴርዮ የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህችን ሄሊኮፕተር ከመሬት ሆኖ ስትሄድ አይቷት አያውቅም። ሁልጊዜ ውስጧ ነበር። ከውጭ ስትታይ እንዲህ ታንሳለች ብሎ አላሰበም። ሳያውቀው ይሮጥ ጀመር። ግቢውን አቋርጦ፣ የተሰበረ አጥር ዘሎ፣ እስከ ባሕሩ ዳር ሮጠ፤ ውሃው ጉልበቱን ሲመታው ነው የቆመው። ነጥብ ሆነች፤ ደመናው ውስጥ ገባች፤ ድምጿም ጠፋ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ቴርዮ መጠበቅ አይችልበትም።

የባሕሩን ዳር ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። በሩን ዘግተውት ይሆን? ዝናብ ከገባ ቃሬዛው ይርሳል፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ዘይቱን ያያል ጁንሬይ? አያይም፤ ያወራል እንጂ አያይም። የደሴቷ ሰዎች ውሃ ሰጡት፣ ሩዝ ሰጡት፣ «ኖንግ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አሉት፤ ጋሼ ማለታቸው ነው። ሩዙን ይዞ እየተራመደ ጎረሰ። ስልኩ ኔትዎርክ የለውም። ምሰሶው በማዕበሉ ወድቋል፤ ኮረብታው ላይ ሲወጡ ግን አንዳንዴ ከሌላ ደሴት ይመጣል አሉት። ወጣ። አልመጣም። ወረደ።

በዚያው በባሕሩ ዳር፣ ከሌላው ጫፍ፣ ክሪሳንታም ትመላለሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ተላለፉ። በኋላ እሷ ቆመች።

«ለምንድን ነው አንተ የምትንቆራጠጠው?»

«ሄሊኮፕተሯ… አርጅታለች። እኔ ነበርኩ የምጠብቃት።»

«ታዲያ አርጅታ እያለ ነው ባሌን የጫናችሁባት?»

ቴርዮ ዓይኑን ሄሊኮፕተሯ ወደ ጠፋችበት ደመና መለሰ።

«አንተ የምታስበው ለብረት ነው» አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም። «ብረት ቢጠፋ ብረት ይገዛል። እኔ የምፈራውን የት ሄጄ ልገዛ? አሁን ከፊቴ ዞር በል።»

ዞር አለላት። አሸዋው ላይ ብቻውን ቆሞ አፈረ። ያለችው እውነት ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚዞረው በሩ፣ ዘይቱ፣ ሞተሩ ነበር እንጂ ደረቱ የተጨፈለቀው ሰውዬ አልነበረም። የሰውዬውን ፊት ለማስታወስ ሞከረ፤ ከንፈሩን ብቻ አስታወሰ። ቆይቶ ወደ እሷ ተመለሰና፣ «ኮረብታው ላይ ስልክ እሞክራለሁ፣ አብረሽኝ ውጪ» አላት። ክሪሳንታ ለአፍታ አየችው፣ ከዚያ መሬቱን እያየች ተከተለችው።

ኮረብታው ላይ ሆነው ነው ስልኩ የጮኸው። የጁንሬይ መልእክት ነበር። ቴርዮ ጮክ ብሎ አነበበው። «ደርሰናል። ማናንግ ደህና ናት። አራቱም በሕይወት ሆስፒታል ገብተዋል።»

ክሪሳንታ ባለችበት ቁጭ አለች። ቴርዮ እንደ ልጅ ዘሎ ወደ መንደሩ ቁልቁል «ደረሱ! ደረሱ!» እያለ ጮኸ። ከታች ሰው ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ሴቶች ተቃቀፉ። የመንደሩ ሹም «ያ አሳማ እስካሁን ምን ይሠራል!» ብሎ ቢላ አስመጣ። የአሳማው ቆዳ ከእርጥቡ ነፋስ የተነሳ ድርቀቱን አጥቶ ላስቲክ ሆኖ ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠው። ክሪሳንታ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመሰችም ነበር። ሳህን ሰጧት። ቴርዮ እሷ ስትበላ እያየ ቆመ፤ በዚያች ደቂቃ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ያ ነበር።

ስልኩን ግን በኪሱ መተው አልቻለም። የማናንግን ማረፍ ከሻምበሏ አፍ መስማት ፈለገ። ሰዎቹ ሲበሉ እንደገና ኮረብታውን ወጣና ደወለ።

«ኩያ» አለች ሻምበሏ።

«ሻምበል? በሩ ተዘጋ? ሞተሩስ?»

«ደህና ናት። ኩያ… አናክሌቶ አለፈ። ቀዶ ጥገና ክፍል ከገባ በኋላ። አሁን ነው የነገሩን።»

ቴርዮ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ታች አየ። የሚበሉት ሰዎች ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሳህን ይዛለች። እንዲህ ያለ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም። ከፊቷ ሲደርስ ምን እንደሚል አላዘጋጀም። ቆቡን አወለቀ። ክሪሳንታ ቆቡን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ደርሷል ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ደርሶ ነበር።»

ሴቶቹ መጥተው ወሰዷት።

አየሩ ለሁለት ቀን አልተከፈተም። ቴርዮ የትም መሄድ ስላልቻለ እጁን ሥራ አስያዘው። ከክሪሳንታ ደጃፍ ላይ ለለቅሶ የሚሆን ሸራ ወጠረ፤ የቆመ ጀነሬተር ቀሰቀሰ፤ ያን አናክሌቶን የገደለውን ጀልባ ከሰዎቹ ጋር ጎትቶ አወጣ። ለቅሶ ላይ እንደ አገሩ ደንብ ካርታ ይጫወታሉ፣ ብስኩት ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉም፤ ክሪሳንታ ባዶ ግድግዳ ስር ተቀምጣ ሬሳውን ትጠብቃለች።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ተገለጠ፤ አዲስ ድምፅ መጣ። ቴርዮ ቀና ሳይል ማናንግ እንዳልሆነች አወቀ። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት፣ ብላክ ሆክ የምትባል አዲስ ሄሊኮፕተር ናት፤ አናክሌቶን በሳጥን ይዛ መጣች። ከአብራሪው ክፍል ሻምበል አሚሃን ወረደች።

ሬሳው ከወረደና ሰዉ ካለቀሰ በኋላ ሻምበሏ ቴርዮን ወደ ዛፎቹ ወሰደችው። ዓይኖቿ እንቅልፍ አጥተዋል።

«ሥነ ሥርዓቱን ኮሎኔሉ ወደ ነገ አስተላልፎታል፤ ለእርስዎ ብሎ ነው። ሬሜድዮስ ሴቡ ገብታለች፤ ቀሚስም አሰፍታለች አሉ። ይምጡ፣ እንሂድ።»

ቴርዮ ግን ዓይኖቿን አይቶ፣ «ምን ሆነሻል?» አላት።

ማፏጨት ጀመረች፤ ግን ወዲያው ተወችው። «ዝናቡን ዞርኩት» አለች። «ቀጥታ ብሄድ ቶሎ እደርስ ነበር። ፈራሁ። ዞርኩና ጊዜ አጠፋሁ። ሳሉድ ከኋላ ‹ቶሎ፣ ቶሎ› ስትለኝ ይሰማኛል። በሩን በገመድ አስራ፣ ሰውዬውን በእግሮቿ ደግፋ ነበር። ያ የጠፋው ጊዜ… ኩያ፣ እኔ ነኝ ወይ?»

ቴርዮ ራሱ ሁለቱን ቀን ሙሉ እዚያች አሸዋ ላይ ሲመላለስ ‹እኔ ብኖር ኖሮ› ሲል ሰንብቷል።

«አላውቅም» አላት። «አይደለሽም ብዬ ልዋሽሽ እችላለሁ። ዝናቡ ውስጥ ብትገቢ ግን ዛሬ የምናወርደው አንድ ሳጥን አይሆንም ነበር፤ ይሄንን አውቃለሁ። ሌሎቹ ሦስቱ ይተነፍሳሉ?»

«ይተነፍሳሉ። የአስተማሪዋ እግር አልተቆረጠም።»

«እንግዲያው ዛሬ ተኚ። ነገ ደግሞ እንደገና ይመጣብሻል፤ ነገም ተኚ።»

ሻምበሏ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሺ፣ ይግቡ እንሂድ።»

«ቀብሩ ነገ ነው።»

«ሽኝቱም ነገ ነው፣ ኩያ!»

«አውቃለሁ። ደርሰዋል ብዬ ያስጨፈርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋን ምግብ ያበላኋት እኔ ነኝ። አሁን ይሄ አዲስ ነገር ላይ ወጥቼ ብሄድ ራሴን አልወደውም። እናንተ ሸኙልኝ። ሬሜድዮስ በእኔ ፋንታ ትቁም፤ ትችልበታለች።»

ብላክ ሆኳ ስትነሳ ነፋሷ የለቅሶውን ሸራ ነቅሎ ካርታውን በግቢው በተነው፤ ተጫዋቾቹ ረገሟት። ቴርዮ እየሮጠ ሸራውን ያዘ።

በማግስቱ አናክሌቶን ተሸክመው ኮረብታው ሥር ቀበሩት። ቴርዮ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ማናንግ በዚያን ሰዓት ሴቡ ላይ ሰው ፊት ቆማለች ብሎ አሰበ፤ ግን እጁ ላይ ያለው ክብደት ሌላ ነበርና እርምጃውን አላሳሳተም። ክሪሳንታ ከቀብር ስትመለስ አጠገቡ ደረሰች።

«ያኔ ከፊቴ ዞር በል ስልህ ዞር ብለህ መቅረት ትችል ነበር» አለችው።

ጀልባ መሄድ ሲጀምር እሱም ተነሳ። ሴቡ ወደብ ላይ ሬሜድዮስ በሽኝቱ ላይ የተሰጠውን የመታሰቢያ ሰሌዳ በጋዜጣ ጠቅልላ ታቅፋ ጠበቀችው፤ አዲሱን ቀሚስ ለብሳዋለች።

«አንተ ሰውዬ! ኮሎኔሉ ፊት ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ታውቃለህ?»

«ምን አልሽ?»

«ምን ልበል? ‹እኔና ይቺ ሄሊኮፕተር አንድ ባል ተጋርተን ነው የኖርነው፤ እሷ ቀኑን፣ እኔ ኩርፊያውን› አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ያቺ ሻምበል አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ቀሚሴ ተበላሸ።»

ቴርዮ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበትና ሰሌዳውን ተቀብሎ ፊቱን በጋዜጣው ሸፈነ። ሬሜድዮስ ሰው እንዳያየው ከፊቱ ቆመችለት።

«ሙዚየሙ ክፍት ነው» አለችው ቆየት ብላ። «ልታያት ትሄዳለህ?»

«ዛሬ አይደለም። መጀመሪያ ሆስፒታል።» ትከሻው ላይ ያለውን ከረጢት አሳያት። የአስተማሪዋ እናት ለልጇ የላከችው የደረቀ ዓሣ ነው።

ጂፕኒ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ውስጥ ገቡ። የዓሣው ሽታ መኪናውን ሞላው፤ ከፊት የተቀመጠች ሴት መስኮት የለም ወይ ብላ አማረረች። ቴርዮ ይቅርታ ጠየቃት፣ ከረጢቱን ከጉልበቱ ወደ እግሩ ሥር፣ ከእግሩ ሥር ወደ ጉልበቱ አዛወረው። ሾፌሩ ዘገየበት። ቀና እያለ መንገዱን ያያል።

«ገና ነው» አለችው ሬሜድዮስ።

«አውቃለሁ» አለ።